ተጫዋቹ ሲሳሳት ጥፋቱ የማን ነው?



በዚህ ሰሌዳ ላይ ስለ ትምህርት መርጃ መሣሪያ፣ ስለ ፈተና አወጣጥና ስለ ክፍል አያያዝ ብዙ ጊዜ ተጽፏል። ዛሬ የምናቀርበው ጥናት ግን በርእሰ ጉዳዩ አንዳንዶቻችሁን ፈገግ ሊያሰኝ፣ አንዳንዶቻችሁን ደግሞ ሊያስቆጣ ይችላል። ጥናታችን ስለ ቪዲዮ ጨዋታ ነውና። «ልጆቹን ከጥናት ያራቀብን እሱ አይደለም እንዴ?» የሚል መምህር እንደሚኖር እናውቃለን። አባባሉ እውነት አለው፤ ወደ መጨረሻው እንመለስበታለን። ዳሩ ግን እኛ ልንመለከት ያሰብነው ጨዋታ መጫወትን ብቻ አይደለም። ተማሪ ራሱ ጨዋታ ሠርቶ ለሌላ ሰው ሲሰጥ ምን ይማራል? የጥናታችን ጥያቄ ይኸ ነው። ከመልሱም ውስጥ ለመምህርነት ሥራችን የሚበጅ አንድ ቁም ነገር አግኝተናል ብለን እናምናለን።

1. በራስ አቅም የሚሠራ ጨዋታ

የቪዲዮ ጨዋታ ስንል በኮምፒዩተር፣ በቴሌቪዥን ወይም በእጅ ስልክ ላይ የሚታይ፣ ተጫዋቹ ቁልፍ እየነካ የሚያንቀሳቅሰው ጨዋታ ማለታችን ነው። ታላላቅ ኩባንያዎች የሚያወጧቸው ጨዋታዎች በመቶ የሚቆጠሩ ሠራተኞችና ብዙ ሚሊዮን ዶላር ይጠይቃሉ። ከነዚህ ሌላ ግን አንድ ሰው ብቻውን፣ ወይም ጥቂት ጓደኛሞች ተሰባስበው፣ የትልቅ ኩባንያ ገንዘብም ትእዛዝም ሳይኖርባቸው የሚሠሯቸው አሉ። በተለምዶ ‹ኢንዲ› ጨዋታ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። በሀገራችንም ቅኔ ጌምስ የተባለው ድርጅት ‹ኩኩሉ› የሚባል፣ ዶሮ የምትሮጥበት የስልክ ጨዋታ ሠርቷል።

የኢንዲ ጨዋታ ሠሪ ገንዘቡም ጊዜውም አጭር ስለሆነ አንድ ሐሳብ መርጦ እሱኑ አጥርቶ ለመሥራት ይገደዳል። ይህ ለዕጩ መምህር እንግዳ ነገር አይደለም። ጠመኔ፣ ሰሌዳና አርባ ደቂቃ ብቻ የያዘ መምህርም ያለው ምርጫ ይኸው ነው።

2. መዝለል የማትችለው ልዕልት

እንግዲህ አንድ የታወቀ ምሳሌ እንውሰድ። በአሜሪካ፣ በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት፣ በሬድመንድ ከተማ ዲጂፔን የሚባል፣ የጨዋታ ሥራ የሚያስተምር የቴክኖሎጂ ተቋም አለ። በዚያ ተማሪዎች በቡድን ሆነው ጨዋታ ሠርተው ማቅረባቸው የትምህርታቸው አንድ ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ኪም ስዊፍት የነበረችበት የተማሪዎች ቡድን ‹ናርባኪዩላር ድሮፕ› ብሎ የሰየመውን ጨዋታ አወጣ። ጨዋታው ለፈለገው ሁሉ በነፃ የሚሰጥ ነበር።

ታሪኩ አጭር ነው። አንዲት ልዕልት ከመሬት በታች ባለ እስር ቤት ውስጥ ተይዛለች። ልዕልቲቱ መዝለል አትችልም፤ ስሟም በእኛ ቋንቋ «ጉልበት የለሽ» እንደ ማለት ነው። ተጫዋቹ ግን በግድግዳና በወለል ላይ ሁለት በሮች ሊከፍት ይችላል። በአንደኛው የገባ በሌላኛው ይወጣል። አንዱን በር እዚህ፣ ሌላውን ከገደሉ ማዶ የከፈተ ሰው ሳይዘል ይሻገራል ማለት ነው። የጨዋታው ሐሳብ በሙሉ ይኸው ነው፤ ሌላ የለውም። መዝለል ቢፈቀድ ኖሮ ተጫዋቹ ሁሉ እንደ ልማዱ እየዘለለ ለማለፍ በሞከረ ነበር። መዝለል ስለሌለ ግን አእምሮውን ወደ በሮቹ ብቻ ይመልሳል።

ተማሪዎቹ ሥራቸውን ቫልቭ ለተባለው የጨዋታ ኩባንያ ባሳዩ ጊዜ የኩባንያው ኃላፊ ጌብ ኒውዌል ቡድኑን ቀጠረው። ሐሳቡም እዚያ ሰፍቶና ተሻሽሎ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2007 ‹ፖርታል› በሚል ስም ወጣ። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ2011 ሁለተኛው ‹ፖርታል› ሲወጣ፣ በወለል ላይ እየተቀባ ተጫዋቹን የሚያፈጥነውና የሚያነጥረው ቀለም የተወሰደው ከሌሎች የዲጂፔን ተማሪዎች ሥራ ነበር።

ይህን የተረክነው «ጨዋታ ሥሩ፣ ሥራ ታገኛላችሁ» ለማለት አይደለም። ይህን የመሰለ ዕድል የሚገጥማቸው ጥቂቶች ናቸው። የተረክነው ‹ፖርታል› ሰውን የሚያስተምርበትን መንገድ ለማሳየት ነው።

3. ጨዋታው ሳይናገር እንዴት ያስተምራል?

ከጥናት ክበባችን አባላት አንዱ ዕጩ መምህር ‹ፖርታል›ን በአንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ተጫውቶ ነበር። ከተጫወተም በኋላ ደብተሩን ለሁለት ከፍሎ፣ በአንድ በኩል «ምን ተማርኩ?» በሌላ በኩል «እንዴት አስተማሩኝ?» እያለ ጻፈ። ደብተሩን ተቀብለን ስናነብ ጥሩ የትምህርት ዕቅድ የምናነብ መሰለን።

ጨዋታው ከ00 እስከ 19 በተቆጠሩ የፈተና ክፍሎች ይከፈላል። በመጀመሪያው ክፍል ተጫዋቹ በእጁ ምንም የለውም። በሮቹ ራሳቸው ይከፈታሉ፤ እሱ ግባና ውጣ ብቻ ነው። በዚህም በአንዱ በር የገባ በሌላው እንደሚወጣ በገዛ እግሩ ያረጋግጣል። በክፍል 02 በር መክፈቻ መሣሪያ ያገኛል፤ መሣሪያው ግን አንዱን በር ብቻ ነው የሚከፍተው፤ ሌላውን ሠሪዎቹ ከፍተው አስቀምጠውለታል። ሁለቱንም በሮች ራሱ እንዲከፍት የሚፈቀድለት በክፍል 11 ነው። ሐሳቡ አንድ ሆኖ ሳለ በሦስት እርምጃ ተከፍሎ ተሰጠው ማለት ነው፤ አንዱ እርምጃ ሳይጨበጥ ሁለተኛው አይመጣም።

እኛስ? ስንቶቻችን ነን በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ትርጉሙንም፣ ሕጉንም፣ ልዩ ሁኔታውንም በአንድ ጊዜ ሰሌዳ ላይ የምንከምረው?

ሌላም ምሳሌ አለ። ጄኖቫ ቼን የተባለ፣ በሻንጋይ ተወልዶ በሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የተማረ ወጣት እ.ኤ.አ. በ2006 ለሁለተኛ ዲግሪው ማሟያ ‹ፍሎው› የሚል ጨዋታ አቀረበ። መሠረቱ የሥነ ልቡና ሊቁ የሚሃይ ቺክሴንትሚሃይ ሐሳብ ነው። ሐሳቡም በአጭሩ፣ ሥራው ከሰውየው ችሎታ እጅግ ሲበልጥ ጭንቀት ይመጣል፤ እጅግ ሲያንስ መሰልቸት ይመጣል፤ ሁለቱ ሲመጣጠኑ ግን ሰው በሥራው ይመሰጣል የሚል ነው። በጨዋታው ውስጥ አንዲት ትንሽ የባሕር ፍጥረት ትዋኛለች። ወደ ጥልቁ በወረደች ቁጥር ሥራው ይከብዳል። መውረዱንም ወደ ላይ መመለሱንም የሚመርጠው ተጫዋቹ ነው። የክብደቱን ልክ ለተማሪው መተው ማለት ይህ ነው።

4. ሳጥኗና ልብ የተሳለባት ምክንያት

አሁን ወደ ዋናው ነጥባችን ደረስን። ጨዋታ ሠሪዎች የሙከራ ጨዋታ የሚሉት አሠራር አላቸው። ሥራቸው ሳያልቅ ጨዋታውን አይቶ የማያውቅ ሰው ጠርተው ያስቀምጡታል። ከዚያ እነሱ ከኋላው ሆነው ይመለከታሉ፤ አይናገሩም፤ አይጠቁሙም፤ ሲሳሳትም አያርሙትም። ይጽፋሉ፣ በቃ።

የ‹ፖርታል› ሠሪዎች በጨዋታው ውስጥ ባስቀመጡት ማብራሪያ አንድ ገጠመኝ ይናገራሉ። በክፍል 17 ተጫዋቹ አንዲት ሳጥን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይዞ መሄድ አለበት። በሙከራው ጊዜ ግን ሰዎች ሳጥኗን እየረሱ፣ ከኋላ ጥለዋት ይሄዱና ወደፊት መራመድ ያቅታቸዋል። ሠሪዎቹ «እነዚህ ሰዎች አያስተውሉም» ሊሉ ይችሉ ነበር፤ አላሉም። በሳጥኗ ላይ ልብ ሳሉባት፤ በጨዋታው ውስጥ የሚሰማው ድምፅም ሳጥኗን እንደ ጓደኛ አድርጎ እንዲያስተዋውቃት አደረጉ። ከዚያ ወዲያ ተጫዋቾቹ ሳጥኗን ይዘዋት መሄድ ጀመሩ። የተለወጠው የሠሪዎቹ ሥራ እንጂ የተጫዋቾቹ ትጋት አልነበረም።

5. በእኛ ክበብ የሆነው

ይህን ሁሉ ካነበብንና ከተጫወትን በኋላ ደብተሩን ለሁለት የከፈለው ጓደኛችን «እስቲ እኔም ልሞክር» አለ። ስሙ እንዳይጻፍ ስለ ጠየቀን አንጽፈውም። የተጠቀመበት መሣሪያ ስክራች ይባላል። ስክራች በአሜሪካ በኤም.አይ.ቲ. ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ፣ ለልጆች የታሰበ፣ በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ነው። ትእዛዞቹ እንደ መጫወቻ ጡብ እየተገጣጠሙ ይሠራሉ። ምናሌውን በአማርኛ ማድረግ ይቻላል፤ ኮምፒዩተር ላይ አንድ ጊዜ ከተጫነ በኋላም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

የጓደኛችን ጨዋታ ለአራተኛ ክፍል ክፍልፋይ የሚያስተምር ነበር። እናት ድፎ ዳቦ ጋግራለች፤ እንግዶች እየመጡ የየድርሻቸውን ይጠይቃሉ። ልጁ በቢላዋ ቆርሶ ለእንግዳው ልክ የሆነውን ድርሻ ይሰጣል። ሦስት ሳምንት ፈጀበት። መብራት በጠፋ ቁጥር ያላስቀመጠው ሥራ እየጠፋበት እንደ ገና ይጀምራል። በመጨረሻ እኛ ስንጫወተው ግሩም ሆኖ አገኘነው። ምን ይደረግ፣ እኛ ክፍልፋይ እናውቃለና!

በአቅራቢያችን ካለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በመምህራቸው ፈቃድ፣ ስድስት ልጆች መጥተው ተጫወቱ። ከስድስቱ አንድም ልጅ ሁለተኛውን እንግዳ አላለፈም። ጓደኛችን መጀመሪያ «እንዲህ አድርጉ፣ ቢላዋውን ንኩ» እያለ ከኋላቸው ይናገር ጀመር። አንዳችን እጁን ያዝ አደረግነውና «ዝም በል እንጂ! በኋላ ቤታቸው ሲጫወቱት አንተ ልትኖር ነው?» አልነው። ዝም አለ፤ ግን ላብ አጠመቀው። ልጆቹ ቢላዋውን ትተው ዳቦውን ይነካሉ። ደግመው ይነካሉ። ምንም አይሆንም። ነገሩ ሲታይ ልጆቹ ትክክል ናቸው፤ የሚበላው ዳቦው ነው፤ ዓይናቸውም ያለው እሱ ላይ ነው። ቢላዋው በጥግ ተሰቅሏል፤ ማን ያየዋል? ይህ ቀላል ነበርና በማግስቱ ተስተካከለ፤ ዳቦው ሲነካ ቢላዋው ራሱ እንዲመጣ ተደረገ።

ሁለተኛው ጉዳይ ግን ቀላል አልነበረም። ልጆቹ ድጋሚ ሲመጡ አንዲት ልጅ እስከ አራተኛው እንግዳ ደረሰች። እንግዳው የዳቦውን ግማሽ ይጠይቃል። ልጅቱ ዳቦውን አራት ቦታ ቆርሳ ሁለቱን ቁራሽ ሰጠችው። ጨዋታው ቀይ ምልክት አሳይቶ «ስህተት» አለ። ልጅቱ ወደ ኮምፒዩተሩ አየች፤ ወደ ጓደኛችን ዞራ አየች። ምንም አላለችም። ቀስ ብላ መልሷን አጠፋችና እንዲሁ በግምት ሌላ ቁጥር ነካች።

ሁለት አራተኛ ግማሽ ነው። ልጅቱ ትክክል ነበረች። የተሳሳተው ጓደኛችን ነው፤ ፕሮግራሙን ሲጽፍ «አንድ ሁለተኛ» የሚለውን ብቻ መልስ አድርጎ አስቀምጦታል። ይህንንም ስድስት ሆነን ስንጫወተው አንዳችንም አላየነው፤ እኛ ግማሽ ሲባል እጃችን በቀጥታ አንድ ሁለተኛ ላይ ነበር የሚያርፈው።

በዚያ ማታ ጓደኛችን እራት አልበላም። «የከፋኝ ጨዋታው መሳሳቱ አይደለም» አለን። «ልጅቱ የሚያውቀውን ነገር ለእኔ ብላ መተዋ ነው።» በማግስቱ ፕሮግራሙን አረመ። ከዚያም ወደ ትምህርት ቤቱ ሄዶ፣ መምህሯን አስፈቅዶ፣ በክፍል ጓደኞቿ ፊት «ትናንት ትክክል የነበርሽው አንቺ ነሽ፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አላት። ልጅቱ አቀርቅራ «አውቄው ነበር እኮ ቲቸር፤ ኮምፒዩተሩ ነው እምቢ ያለው» አለች። ክፍሉ በሳቅ ሞላ፤ እሷም ሳቀች።

እኛ ግን ወደ ማደሪያችን ስንመለስ ብዙ አልሳቅንም። ያረምናቸውን ደብተሮች እያሰብን ነበር። በቀይ እስክሪፕቶ ኤክስ ካደረግንባቸው መልሶች ውስጥ ስንቱ «ሁለት አራተኛ» ነበር? በፕሮግራም ላይ ያለ ስህተት የሙከራ ጨዋታ ያጋልጠዋል። በመምህር አእምሮ ውስጥ ያለውን ማን ያጋልጠዋል?

6. የተነሣው ተቃውሞ

ይህን ጥናት በክበባችን ስናቀርብ አንድ አንጋፋ አሠልጣኝ ጥሩ ጥያቄ አነሡ። «ተማሪ በተሳሳተ ቁጥር ጥፋቱ የመምህሩ ነው ካላችሁ፣ ተማሪው መቼ ሊተጋ ነው?» አሉን። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። መልሳችን እንደሚከተለው ነው።

ችግር ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የትምህርቱ የራሱ ክብደት ነው፤ ግማሽና ሁለት አራተኛ እኩል መሆናቸውን ማስተዋል ክብደት አለው፤ ይህን ከተማሪው ላይ ማንሣት ትምህርቱን ማንሣት ነው። ሌላው ግን ምን እንደተጠየቀ አለማወቅ፣ ቢላዋው የት እንዳለ አለማየት፣ ትክክል ሆኖ ሳለ ስህተት መባል ነው። ይህኛው ክብደት ለማንም አይጠቅምም። የ‹ፖርታል› የመጨረሻዎቹ ክፍሎች እጅግ ያስቸግራሉ፤ ሰው አንድ ሰዓት ሊቀመጥባቸው ይችላል። ግን ተጫዋቹ የሚታገለው ከጥያቄው ጋር እንጂ ከጥያቄው አቀራረብ ጋር አይደለም። ዳገቱ ዳገት ይሁን፤ መንገዱ ከየት እንደሚጀምር ግን ይታወቅ።

በመግቢያችን ያሳደርነውንም ጉዳይ እዚህ ላይ እናንሣ። ጨዋታ ጊዜ ይበላል፤ የእኛም ጓደኛ በእነዚያ ሦስት ሳምንታት አንድ የቤት ሥራ አሳልፏል። ነጥብና ሽልማት ብቻ የሚያሯሩጥ ጨዋታም ልጁን ለነጥቡ እንጂ ለዕውቀቱ አያተጋውም። ስለዚህ «ትምህርቱን ሁሉ በጨዋታ እናድርገው» አንልም። ኮምፒዩተር በሌለበት ትምህርት ቤት የሚመደብ መምህርም ምንም አልቀረበትም፤ ድፎ ዳቦው ከካርቶን ሊቆረጥ ይችላል፤ የገበጣ ጠጠርም መቁጠርን ሲያስተምር ኖሯል። ዋናው መሣሪያው አይደለም፤ ሰጥቶ፣ ዝም ብሎ፣ ማየቱ ነው።

7. ለማስተማር ልምምድ የሚሆኑ ነጥቦች

ሀ. በአንድ ክፍለ ጊዜ አንድ ሐሳብ ይያዝ። ልዕልቲቱ መዝለል እንደማትችል ሁሉ ትምህርቱም የማያስፈልገውን ይተው።

ለ. ተማሪው በቅድሚያ ያድርግ፤ ስሙና ትርጉሙ በኋላ ይምጣ።

ሐ. መልመጃ ከተሰጠ በኋላ ለአምስት ደቂቃ አትናገሩ። በክፍሉ ውስጥ እየተዘዋወራችሁ የተማሪው እርሳስ የት ላይ እንደቆመ ብቻ ጻፉ። ብዙዎቹ የቆሙበት ቦታ አንድ ከሆነ ችግሩ ያለው በጥያቄው ላይ ሊሆን ይችላል።

መ. «ስህተት» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት «እንዴት አገኘኸው? እንዴት አገኘሽው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ሠ. ተሳስታችሁ ከተገኛችሁ በተማሪዎቹ ፊት እረሙት። ክብራችሁ አይቀንስም፤ እኛ አይተነዋል።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች፦

1. ባለፈው የማስተማር ልምምዳችሁ ብዙ ተማሪዎች የተሳሳቱት ጥያቄ የትኛው ነበር? ክብደቱ ከትምህርቱ ነው ወይስ ከአቀራረቡ?

2. ከልጅነታችሁ ከምታውቋቸው ጨዋታዎች አንዱን ምረጡ። አዲስ ገቢ ልጅ ያን ጨዋታ ማንም መመሪያ ሳያነብለት እንዴት ይማረዋል?

3. በአንቀጽ 6 የተነሣውን የአሠልጣኙን ተቃውሞ በመደገፍ ወይም በመቃወም ጻፉ።

ዳቦ ቆረሳው ጨዋታ በኮምፒዩተር ክፍሉ ውስጥ በሦስተኛው ማሽን ላይ ተጭኖ ይገኛል። የፈለገ ይጫወትበት፤ ስህተት ያገኘም ከዚህ ሰሌዳ ሥር ባለው ወረቀት ላይ ይጻፍልን። እስካሁን የተጻፉት አሥራ አንድ ናቸው፤ ጓደኛችን ዘጠኙን አርሟል፤ ሁለቱ ገና እያከራከሩን ነው።